የአክስቴ አጭር ፔዳል

ንዴቴ እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ ነበር። አልበርድ ስላለኝ እንደተናደድኩ እጽፈዋለሁ።

አክስቴ ነርስ ናት። ጡረታ ወጥታም ሥራዋን አልተወችም፤ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን ሕመምተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ቁስል ታጥባለች፣ ፋሻ ትቀይራለች፣ መርፌ ትወጋለች። ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። የብስክሌቷ ደወል ከመንገዱ ጥግ ሲሰማ የሰፈሩ ሕፃናት አልጋ ሥር ይገባሉ። የግራ ጉልበቷ ከልጅነቷ ጀምሮ በደንብ አይታጠፍም። ስለዚህ ነገር ስታማርር ግን ሰምቻት አላውቅም። «ጉልበቴ ትንሽ ታኮርፋለች» ነው የምትለው። ሲብስባት ደግሞ «ዛሬስ ጭራሽ ዘግታኛለች» ትላለች።

አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ቶርኖ ቤት የሚሠራ ብረት ቆራጭ ነበር። ልጁ ሥራ ስትይዝ አንድ ጠንካራ የብረት ብስክሌት ገዛላት። ሊያስተምራት ቢሞክር አልሆነም፤ ፔዳሉ ወደ ላይ በመጣ ቁጥር ጉልበቷ አልታጠፍ እያለ ይጥላታል። አያቴ ወሬ አላበዛም። የዚያን ጊዜ ብስክሌት የፔዳሉን ክንድ፣ ማለትም ፔዳሉ ጫፉ ላይ የሚገጠምበትን ብረት፣ ይዞ የሚያቆመው አንድ ሽብልቅ ብቻ ስለሆነ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ የግራውን ክንድ ነቀለው። ፔዳሉ ወደ መዞሪያው ይበልጥ ቀርቦ እንዲገባ አዲስ ቀዳዳ በሳበት፣ የተረፈውን ብረት ቆርጦ ጣለ፣ መልሶ ገጠመው። በቃ። የቀኝ እግሯ ትልቅ ክብ፣ የግራው ትንሽ ክብ እየዞሩ አክስቴ ከተማውን አዳረሰችው። በእግሯ ስትሄድ የምታነክስ ሴት ብስክሌቷ ላይ ከወጣች ማንም አያውቅባትም። እኔ አንድ ቀን ልነዳው ሞክሬ አጥር ውስጥ ነው የተገኘሁት። «እሱ የለመደው የኔን እግር ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

የድሮ ነገር ሁሉ ጥሩ ነበር ባይ አይደለሁም። የዚያ ብስክሌት ፍሬን ዝናብ ከነካው ለስሙ ነው ያለው፤ አክስቴን አንዴ ቁልቁለት ላይ ከነቦርሳዋ ቦይ ውስጥ ከቷታል። ክብደቱም የጉድ ነው። ግን ብረት ነው። ይቆረጣል፣ ይበሳል፣ ይበየዳል፣ ለሰው ሲባል ይስተካከላል። የአሁኑ ግን ሰው ነው ለሱ እንዲስተካከል የሚጠበቀው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፣ አሳቢ ነው፣ እናቱን ይወዳል። ይህን ሁሉ የምለው ቀጥሎ የማወራው ነገር በክፋት የተሠራ እንዳይመስል ነው። ሲያድግ ያንን አጭር ክንድ እያየ አያታችን ዕቃ አጥቶ በቁራጭ ብረት የጣፈው ይመስለው ነበር። ጠይቆም አያውቅም። ከዚያ አንድ ቀን እኔ ለሥራ ከከተማ ወጥቼ ሳለ አዲስ ብስክሌት እየገፋ መጣ። አሮጌውንማ አዲሱን ለገዛበት ብስክሌት ሱቅ አስረክቦታል።

አዲሱ ያምራል፤ አልዋሽም። በአንድ እጅ ይነሳል። ፍሬኑ በዘይት ይሠራል፣ ዝናብም ቢሆን ቀጥ ያደርጋል። ማርሹ በባትሪ ነው፣ በስልክ ይስተካከላል። ቻርጅ ካላደረጉት ማርሽ አይቀይርም! የቁስል ፋሻ ይዛ ለምትሮጥ ሴት ይህ ምን ይባላል?

«ያ ጠማማ ብስክሌት እኮ ነው እግርሽን ያበላሸው፣ እማዬ» አላት። «ይኼ ሁለቱም እኩል ነው። ቀስ በቀስ ትስተካከያለሽ።»

አክስቴ አመስግና ሳመችው። በማግስቱ ከበሩ ሳትርቅ ወደቀች፤ ፋሻው ጭቃ ውስጥ ተበተነ። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ወደቀች። ከዚያ በእግሯ መዞር ጀመረች። ከጉዞዬ ስመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሽ አገኘኋት። «የሩቆቹን ሕመምተኞች ለሌላ ሰው ልስጥ» አለችኝ፣ ልክ የወጥ ቤት ዕቃ እንደምታካፍል። ዓይኗን ግን እንባ ሞልቶት ነበር። ሥራው ከእጇ ከወጣ እሷም ከደጃፉ እንደማትነሳ ሁለታችንም እናውቃለን።

ደሜ ፈላ። ልጇን ጠርቼ «ክንዱ አይደለም እግሯን ያበላሸው! ለእግሯ ሲባል ነው ክንዱ ያጠረው!» ብዬ ጮኽኩበት። ፊቱ ወዲያው አመድ መሰለ። ሦስታችንም አዲሱን ብስክሌት እየገፋን ወደ ሱቁ ሄድን።

ባለ ሱቁ በትሕትና ተቀበለን። የአዲሱን ክንድ እንዲያሳጥርልን ስንጠይቀው ራሱን ነቀነቀ።

«አይቻልም፣ ሲስተር። ውስጡ ባዶ ነው፣ ከበሱት ይሰነጠቃል። ከመዞሪያው ጋርም አንድ ወጥ ነው። ኮርቻውን ከፍ ላድርግልዎት?»

ከፍ አደረገው። ግራው ሲመቻት ቀኙ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

ከብስክሌቱ ስትወርድ ቀና አለችና ግድግዳውን አየች። የሷ ብስክሌት ተሰቅሏል። ወርቃማ ቀለም ቀብተውታል። የፋሻ ቦርሳዋ ይቀመጥበት የነበረው ቅርጫት ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ጠቅጥቀውበታል። ሁለቱ የፔዳል ክንዶች እኩል ናቸው።

«አንቲክ ነው፤ ሰው ይወደዋል፣ ፎቶ ይነሳበታል» አለ ባለ ሱቁ። «አንደኛው ክንድ ተበላሽቶ ነበር። ለዓይን ስለሚያስጠላ በትክክለኛው ቀየርነው።»

ትክክለኛው! ትክክለኛውስ የት ደረሰ ስለው ከጀርባው ያለውን ግድግዳ አሳየኝ። አያቴ በእጁ የሠራው ክንድ በሚስማር ተመትቶ የባለ ሱቁ ካፖርት ተሰቅሎበታል።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። ከመንገድ ሰዎች ቆመው መስማት ጀምረው ነበር። አክስቴ ናት ያስቆመችኝ። «አንቺ ደግሞ! አፍሽን ያዢ እስቲ» ብላኝ ከጠረጴዛው ጀርባ ገባች። ካፖርቱን አወረደች፣ እንደ ንጹሕ አንሶላ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ልጄ» አለችው ባለ ሱቁን፣ «ይኼ እግሬ ነው። መልስልኝ።»

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ጉልበቷን አየና ገባው። ሚስማሩን በፒንሳ ነቀለ፣ መሰላል አምጥቶ ብስክሌቱን አወረደ። መዶሻ ሲያነሳ ልጇ ከእጁ ቀማው። «ያስረከብኩት እኔ ነኝ፤ የምገጥመውም እኔ ነኝ» ብሎ ሱፉን እንደለበሰ ብስክሌቱ አጠገብ በጉልበቱ ተንበረከከ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ልቤ ትንሽ ራራለት።

ከዚያ አጭሩን ክንድ ይዞ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። የቀኙ ክንድ ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ጥርስ ጋር የተያያዘ ነው፤ አጭሩ ከግራ በቀር መግቢያ የለውም። የማይታጠፈው የትኛው እግሯ እንደሆነ ብረቱ እንኳን ያውቃል።

«እማዬ» አለ ቀና ብሎ፣ «በየትኛው በኩል ነው?»

ባለ ሱቁ ወለሉን ማየት ጀመረ። እኔ አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደመችኝ። በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ደገፍ አለችና የማይታጠፈውን ግራ እግሯን ቀስ ብላ ዘርግታ የልጇ ጭን ላይ አሳረፈችው።

«ይቺ ናት» አለችው። «ተዋወቃት።»