ባቄላና ሽምብራ

የፈንጣጣ ከታቢው ከሰቆጣ ግማሽ ቀን በእግር የምታስኬደውን መንደራችንን ጨርሶ ወደ አምደወርቅ ሊያልፍ ነው። «የቀረ ልጅ ከሌለ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እሄዳለሁ» ስላለኝ፣ እኔ አስተማሪው በየአምስተኛው ቤት እየገባሁ የልጆችን ክንድ አየሁ። ሁሉንም ቤት ማዳረስ አያስፈልግም፤ በእኩል ርቀት የተመረጡት ስለ ቀሩትም ይናገራሉ።

በስድስት ቤት ያየሁት ልጅ ሁሉ የክትባት ጠባሳ ነበረው። በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ! በሰባተኛው ቤት አንዲት አሮጊት ሁለት ልጆች አሳዩኝ፤ ሁለቱም ተከትበዋል። ልጽፍ ስል ከጓዳ ሕፃን አለቀሰ።

«ይሄስ ማነው፣ እማማ?»

«እሱ አይቆጠርም። ሕፃን ከተቆጠረ አያድግም። ተምረህ ይህን አታውቅም?»

«የምቆጥረው እኮ ጠባሳውን እንጂ ልጁን አይደለም» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ማብራሪያዬ ረዘመባቸው።

«በቃህ ልጄ! ጠባሳ ላለው ባቄላ፣ ለሌለው ሽምብራ እጥልልሃለሁ። አንተ እህልህን ቁጠር።»

ወደ ጓዳ ገብተው ወጡና በያዝኳት የውሃ መጠጫ ጣሳ ውስጥ አንድ ሽምብራ ጣሉ።

ወደ ስድስቱ ቤቶች ሮጬ ተመለስኩ። የአሮጊቷን ዘዴ ስነግራቸው እናቶቹ ያለ ምንም ክርክር ከየጓዳቸው ሽምብራ ያመጡልኝ ጀመር። ለካ ከእኔ የተደበቁት ሕፃናት ከከታቢውም ተደብቀው ኖረዋል!

ከታቢው በቅሎውን ሲጭን ደረስኩበት። ጣሳውን አየና ሳቀ።

«መምህር፣ ንፍሮ ልትሰንቅልኝ ነው?»

«ሽምብራው ያልተከተቡት ናቸው» አልኩት እያለከለክሁ።

ጣሳውን እንደገና አየና የበቅሎውን ጭነት መፍታት ጀመረ።