ከዌብሳይታችን የወረደው ፓተርን

ታናሽ እህቴ ዌብሳይት እንክፈት ስትለኝ ሳቄ መጣ። «ጨርቅ በኢንተርኔት ይዳሰሳል እንዴ?» አልኳት። ከሚሌኒየሙ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ፣ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ነበረችኝ። እህቴ በኮምፒውተር ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ ከእኔ ጋር ትውላለች። ትውላለች ስል ትጨቀጭቀኛለች ማለቴ ነው።

ዌብሳይቱን ከፈተችው። ያ አልበቃ ብሏት ደግሞ የአባታችንን ፓተርኖች በነፃ እንልቀቅ አለች። ፓተርን እንግዲህ ጨርቅ ላይ ተነጥፎ ዳር ዳሩን የሚቆረጥበት ልክ ነው። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የልጆች ዩኒፎርም ልክ በየዕድሜው ካርቶን ላይ ቆርጦ ትቶልናል። «የአባቴን ሙያ ለመንገደኛ አልበትንም!» ብዬ ጮህኩ። «ፓተርኑን የወሰደ ጨርቅ ያስፈልገዋል፤ ጨርቁን ከማን ይገዛል?» አለችኝ። እሺ አልኳት። የእያንዳንዱን ካርቶን ሥዕል በወረቀት ልክ ከፋፍላ፣ ሰው እያጣበቀ እንዲገጣጥመው አድርጋ ጫነችው። ሰውም ኢንተርኔት ቤት እየሄደ ዳውንሎድ ያደርግ ጀመር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ልጇን አዝላ፣ ጆንያ ተሸክማ ሱቄ ገባች። ከቡሹሎ በኩል ነው የመጣችው። ስፌት ተምራ ከጨረሰች ገና ብዙ አልሆናትም። አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ዩኒፎርም እንድትሰፋ ሰጥቷታል፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ትምህርት ሲከፈት ካላደረሰች ሥራው ለቀድሞው ሰፊ ይመለሳል። ጆንያውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው፤ ሁሉም የተቆረጠ ጨርቅ ነው።

«እትዬ፣ ሁሉም ጠበበ» አለችኝ። ከዌብሳይታችን ባወረደችው ፓተርን ጨርቁን ደራርባ በአንዴ ነው የቆረጠችው፤ ብዙ ልብስ የያዘ ሰፊ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የመጀመሪያውን ሰፍታ ለጎረቤት ልጅ ብታለብሰው እጅጌው ክንዱን አላሳልፍ አለ።

መጣልሽ ጣጣ፣ አልኩ በሆዴ። ልትጮህብኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ስጠብቅ፣ «ልጣላዎት አይደለም የመጣሁት» አለችኝ። «ሌሎችም ከኢንተርኔት ያወርዱታል። ሌላ ሴት ሳትቆርጥ አስተካክሉት ልላችሁ ነው።»

እንዲህ ላለ ሰው ምን ይባላል? እንጀራዋ ጆንያ ውስጥ ተቆራርጦ፣ እሷ ለማታውቃት ሴት ትጨነቃለች!

የአባቴን ካርቶን አውርጄ እሷ ካጣበቀችው ወረቀት ላይ ሳስቀምጠው ካርቶኑ በሁሉም በኩል ተርፎ ወጣ። «ሲቆረጥ ማነሱን ዓይንሽ አላየም?» አልኳት። «አይቷል፤ ግን ከኢንተርኔት የወጣ ነው፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው ያወጡት፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት» አለች።

እህቴ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሁለት ሁለት ገጽ ጎን ለጎን በአንድ ወረቀት ላይ ታትሟል፤ እንዲገባ ተብሎ ሥዕሉ ሁሉ አንሷል። ሦስታችንም ልብስ ሰፊዋ ወዳሳተመችበት ኢንተርኔት ቤት ሄድን። ባለቤትየዋ የሆነውን ሰምታ ጆንያውን ስታይ ደነገጠች። «የገጹን ብዛት ሳይ አዘንኩላት! ሁለቱን ባንድ ካወጣሁላት ግማሹን ብቻ ትከፍላለች ብዬ ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ለሌላ ጽሑፍ ቢሆን ጽድቅ ነበር። ስድቡ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። አዝና ያበላሸችን ሴት እንዴት አድርገሽ ትሰድቢያታለሽ?

ሱቅ ተመልሰን የተቆረጠውን ሁሉ ከአባቴ ካርቶኖች ጋር እያስተያየን መደብን። አልሃምዱሊላህ! ለትልልቆቹ ልጆች የተቆረጠው ጥቂት ሲስተካከል ለትምህርት ቤቱ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ልክ መጣ። ከትንንሾቹ ኪስና ኮሌታ አወጣን። ለትልልቆቹ ከመደርደሪያዬ አንድ ጣቃ አወረድኩ።

«ይሄን በምን እከፍልዎታለሁ?» አለች።

«ማን ክፈይ አለሽ? ይልቅ ቁረጪ!»

በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪናቸውን ተክለው የሚሰፉት ወንዶች ነገሩን ሲሰሙ የያዙትን ሥራ ወደ ጎን አሉት። እሁድ እሷ ቸርች ስትሄድ እነሱ ሰፉላት፤ እነሱ ለሶላት ሲነሱ እሷ መኪናው ላይ ተቀመጠች። የኢንተርኔት ቤቷም ሴት መጥታ ልጇን አዘለችላት። ትምህርት ሲከፈት ዩኒፎርሙ ደረሰ፤ ትምህርት ቤቱም የከርሞውን ሥራ ለእሷው ሰጣት።

እህቴ በየፓተርኑ አናት ላይ አንድ መስመር አሰመረች። ከሥሩም «ይህ መስመር በሜትር ሲለካ አሥር ሳንቲ ካልሆነ መቀስ እንዳታነሱ» ብላ ጻፈችበት። ልብስ ሰፊዋ የራሷን መኪና በረንዳችን ላይ ተከለች፤ ሥራ ስትይዝ ጨርቅ ከእኔ ትወስዳለች፣ እኔም ስትሳሳት እጮህባታለሁ።

በዓመቱ፣ ያው ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሰሞን፣ ስልኬ ጠራ። ከዲላ የሚደውል አንድ ሰፊ ነው፤ ስልኩን ያገኘው ከዌብሳይቱ ነው። «እመቤቴ፣ ጨርቁን ደራርቤ መቀሴን አንስቼ ነበር» አለኝ። «መስመሩን ብለካው ሰባት ሆነብኝ። የስንቱን ልጅ ጨርቅ ልጨርሰው ነበር! ያንን የጻፈውን እጅ ይባርከው።»

«ቆይ፣ ምርቃቱ ለእኔ አይደለም፤ እንዲጻፍ ላደረገችው ነው» አልኩና ስልኩን ወደ በረንዳ ይዤ ወጥቼ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት።

መጀመሪያ ግራ ተጋባች። ከዚያ አዳመጠችው። «አሜን፣ አሜን» አለች። «የስንት ዓመት ልጆች ናቸው?» ብላ ጠየቀችው፤ እጅጌውን እንዳያጠብበውም መከረችው። ስልኩን ስትመልስልኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አየሽ የሠራሽኝን?» አልኳት። «ያ ሰውዬ ቆርጦ ቢያበላሽ ኖሮ ሌላ ጣቃ ይገዛኝ ነበር።»

እየሳቀች አለቀሰች። እኔም እንደዚያው።