የሬዲዮው አራት ድንጋዮች

ባለፈው ሳምንት ከውጫሌ ገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ጣሪያዋ ዙሪያውን በቀጭን መብራት ተከቦ ነበር። ብርሃኑ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ቀይ እየሮጠ ይዞራል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ያምራል፣ አይደል ልጄ?» አሉኝ። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት ድሮም ይከብደኛል፤ ያን ቀን ግን ዝም ያሰኘኝ ዓይን አፋርነት ብቻ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ በእኛ በኩል ባለፈበት ዓመት ነው። መብራት ከጠፋ ወራት ሆኖት ነበር። ደሴ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የአጎቴ ልጅ ሐያት አርዲቦ ዳር ወዳለው ቤታችን መጥታ አብራን ተቀመጠች። እኩያሞች ነን። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ቀርቻለሁ፤ እሷ አስራ አንደኛ ደርሳለች። ሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ሽቦ ይበዛ ነበር። እንደ ጥብጣብ የሚጠቀለል መብራትና የክብሪት ቀፎ የምታህል ሰሌዳ ይዛ መጥታለች። ሰሌዳዋ በኮምፒውተር የተሰጣትን ትእዛዝ ይዛ መብራቱን ቀለም እያስቀየረች ታስሮጣለች።

የአባቴ ሬዲዮ የቤታችን ጆሮ ነበር። ባትሪ ድንጋዩን መጠበቅ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ሲደክም አውጥቼ የአጥሩ ካብ ላይ ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ፀሐዩ አልበቃ ሲለው በጥርሴ ነከስ ነከስ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ለአንድ ዜና ያህል ነፍስ ይዘራል። አባቴ «ፋጤ፣ ድንጋዬስ?» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ከዚያ ሌላ ብዙም የሚጠይቀኝ ነገር አልነበረም።

ሐያት ከመጣች በኋላ ጥያቄው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አባቴ ጥንቅሽ እየላጠ ለስላሳውን አንጓ ለእሷ ያቀብላል። «መሃንዲሷ» ይላታል። ታላቅ እህቴ ሰዓዳ የምትዳርበት ቀን ሲቃረብ ሐያት የሙሽራዋን ዳስ አበራለሁ አለች። ወንድሜ የሞተር ሳይክሉን ባትሪ ሊሰጣት ነበር።

«አይሆንም፤ አስራ ሁለት ቮልት ነው፣ ይቺን ያቃጥላታል» አለች ሰሌዳዋን እየዳበሰች። «አራት ትልልቅ ድንጋይ ይበቃኛል። አዲስ መሆን አለባቸው ግን።»

አባቴ በአቧራው መንገድ ሐይቅ ከተማ ድረስ በእግሩ ሄዶ የገዛቸውን አራት ድንጋዮች ከሬዲዮው አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። «ወሬው ሁለት ቀን ቢቀር ምን ይላል?» አለ። እኔ አንድ ጊዜ ለእጅ ባትሪ ብጠይቀው «ወሬዬን ልታስቀሪብኝ ነው?» ብሎ የመለሰኝ ሰው ነው።

የሠርጉ ዕለት ከሰዓት ሐያት ለሶላት ውዱእ ልታደርግ ወጣች። ከካርቶን በሠራችው ቱቦ ውስጥ ከነበሩት አንዱን አዲስ ድንጋይ አውጥቼ ካቡ ላይ ካሰጣኋቸው አሮጌዎች አንዱን ተካሁበት። አዲሱን መቀነቴ ውስጥ ሸሸግኩት።

ሲመሻሽ ሴቶቹ ድቤ እየመቱ ሰዓዳን ከበቧት። ሐያት ሽቦውን አገናኘች። መብራቱ ቦግ ብሎ ነጣ፣ ወዲያው ገረጣ፣ ቀላ፣ ጠፋ። ደግሞ ሞከረች፤ ደግሞ ጠፋ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ መብራት ነው የከሰመ ፍም?» አሉ ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ። «ኩራዙን አምጡልን፤ ሙሽራችንን ሳናያት ልትሄድ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። ለአፍታ ጣፈጠኝ። ከዚያ አባቴን አየሁት። ለአገሩ ሁሉ ሲያወራለት የከረመው መብራት ፊት ኩፊያውን አውልቆ በእጁ ያሻሸዋል። ሰዓዳም አንገቷን ደፍታለች።

ሐያት ድንጋዮቹን አወጣች። ኩራዙ አጠገብ እያገላበጠች አየቻቸው። አንዱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጥርሴ ጎኑን አጎድጉዶታል። ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ትናገራለች ብዬ መቀነቴን ጨበጥኩ።

«ፋጤ፣ ነይ እስቲ» አለች ሰው ሁሉ እየሰማ። «ድንጋይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የደከመው የቱ ነው?»

የነከስኩትን አነሳሁ። መቀነቴን ፈትቼ አዲሱን አወጣሁ። «ይኼ... ወድቆ አግኝቼው ነበር» አልኩ። ውሸቴን ማንም አልመረመረውም። ሐያት ቱቦው ውስጥ ከተተችው፤ ዳሱ በሰማያዊና በአረንጓዴ ተጥለቀለቀ፤ ድቤው ቀጠለ።

«ማሻአላህ» አለ አባቴ ትከሻዬን ይዞ። «መሃንዲሷስ የእኔዋ ፋጤ ናት ለካ።»

«አዎ፣ እሷ ናት ያገኘችው» አለች ሐያት።

ያን ስም ስንት ቀን ተመኝቼው ነበር። ሲሰጠኝ የምገባበት ጠፋኝ።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ድስት ስናጥብ «ሁለተኛ ስትቀይሪ ያልነከስሽውን ምረጪ» አለችኝ፤ ውሃም ረጨችብኝ። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን «ድስቱን አቀብይኝ» ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሄደች።

ዛሬ እሷ ኮሌጅ ናት። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፋጤ ብልሽቱን እንዴት እንዳገኘች ያወራል፤ እንግዳው ያደንቃል፤ እኔ ሳህን ለማንሳት እነሳለሁ። በሐያት የቀናሁት አባቴ ስላያት ነበር። አሁን የሚያየኝ እኔን ነው፤ ግን ያየኝ መስሎት ሌላ ሰው ነው የሚያየው። ይኼ ከቅናቱ ይብሳል።

አባቴ ማንበብ አይችልም። ቤት የሚመጣ ወረቀት ሁሉ የሚነበበው በእኔ ነው። ይኼንን የጻፍኩትንም ከእርሻ ሲመለስ አጠገቤ አስቀምጬ አነብለታለሁ፤ አንድም መስመር ሳልዘል።