ከኦክላንድ ጉም ወደ ሂውስተን እንፋሎት

ሐሙስ፣ ሊነጋ ሲል፣ ሳን ሆዜ

መኪናችን ከጭነቷ ብዛት የምትነሳ አትመስልም። ከላይዋ ፍራሽ፣ ከኋላዋ ቴሌቪዥን፣ በመሃል ደግሞ ባለቤቴ ደረጀ "ለክፉ ቀን" ብሎ የጫናቸው ብርድ ልብሶች። የምንሄደው ሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው። በጁላይ። ብርድ ልብስ ይዘን።

ለምን እንደምንለቅ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ አየሩን መክፈል አቅቶን። ቤይ ኤሪያ በሚባለው በዚህ የካሊፎርኒያ አካባቢ ኪራይ የሚከፈለው ለቤቱ እንዳይመስላችሁ። ቤቱማ የታወቀ ነው፤ አንድ መኝታ ክፍል፣ አልዘጋም ያለ መስኮት፣ ፓርኪንግ የሚባል ነገር የለም። የምንከፍለው በሰመር ለማያልብ፣ በዊንተር ለማያንቀጠቅጥ አየር ነው። አከራያችን በየዓመቱ ሲጨምርብን "ምን አድሰህ ነው?" ብንለው ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስር ነበር።

ሂውስተንን የመረጠልን የደረጀ የአክስት ልጅ ነው። እሱ እንደሚለው እዚያ ቤቱ ሰፊ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ሰዉም ሰፊ ነው።

"ሙቀቱስ?" አልኩት በስልክ።

"ኤሲ አለ!"

"ወበቁስ?"

"ኤሲ አለ አልኩሽ እኮ!"

"ትንኙስ?"

ለትንኝም ኤሲ አለ።

አባቴን ለመውሰድ መጀመሪያ ወደ ኦክላንድ መውጣት አለብን። ሚልፒታስ ላይ ለዓመታት የኮምፒውተር ሰርኪዩት ቦርድ የገጣጠምኩበት ፋብሪካ መብራቱ በርቷል። ሊሰናበተኝ የወጣ የለም። ዩኒየን ሲቲን ስናልፍ ባቡሩ ገና እንቅልፍ ያልለቀቃቸውን ሰዎች ጭኖ ከጎናችን ይከንፋል። ደረጀ "እነዚህ ሁሉ እኮ ቢያስቡበት ሂውስተን ይሄዱ ነበር" አለ። ጉዞው ረጅም ነው፤ ከመነሻው መጣላት አያስፈልግም።

ኦክላንድ፣ ፀሐይ ወጥታለች ሲባል

ኦክላንድ እንደ ልማዷ ጉሟን ተከናንባለች። አባባ ከሚኖሩበት የአረጋውያን ሕንፃ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ ሙሉ ልብስ፣ ከውስጡ ሹራብ፣ ክራቫት፣ ባርኔጣ። ድሮ አዲስ አበባ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የክፍል ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ የወጡት ከሥራቸው እንጂ ከክራቫታቸው አይደለም።

"አባባ፣ የምንሄደው ሙቀት አገር ነው፤ ሹራቡን ያውልቁት።"

"እኔ ገና ኦክላንድ ነኝ" አሉ።

የቤተ ክርስቲያን ጓደኛቸው ጋሽ ታደሰ ሊሸኟቸው መጥተዋል። ሁለቱ በየጠዋቱ በከተማው ሐይቅ ዳር ሲዞሩ፣ ፖለቲካውን ሲያስተካክሉ ዓመታት አሳልፈዋል። ጋሽ ታደሰ ጠጋ አሉኝና "ሂውስተን ልክ እንደ ናዝሬት ነው ብሎኛል ባልሽ። እውነት ነው?" አሉኝ። ደረጀን አየሁት። ፍራሹን በገመድ ማጥበቅ ጀመረ፤ ቀድሞ የጠበቀውን ፍራሽ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። አባባ መኪና ውስጥ ገብተው፣ ቀበቷቸውን አስረው፣ ፊት ለፊት ብቻ ተመለከቱ። እጃቸውን እንኳ አላውለበለቡም። ያን ጊዜ ነው ልቤ የተናደብኝ።

ዓርብ፣ አሪዞና በረሃ

ትናንት እስከ ካሊፎርኒያ ጫፍ ነዳን፤ ሞቴል አደርን። ዛሬ የአሪዞናን ድንበር እንዳለፍን የመኪናችን ኤሲ አንዴ አቃሰተና ጸጥ አለ። የነፈሰልን አየር ከፀጉር ማድረቂያ የሚወጣውን ይመስላል።

ነዳጅ ማደያ ላይ ያገኘነው መካኒክ የሞተሩን ክዳን አንስቶ አየና የመኪናችንን ግማሽ ዋጋ ጠራ።

"ሌላ መፍትሔ የለም?" አለው ደረጀ።

"አለ። መስኮት" አለ መካኒኩ፣ ፈገግም ሳይል።

በመስኮት ሄድን። ድንጋይ፣ ቁልቋል፣ ድንጋይ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃችን ሻይ ቅጠል ቢጨመርበት ይበቃዋል። ደረጀ "ቢያንስ ደረቅ ሙቀት ነው" ይላል፤ ምጣድ ላይ ያለ ቆሎም እንዲሁ ይል ይሆናል። አባባ ኮታቸውን አውልቀው አጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ሹራቡና ክራቫቱ በቦታቸው ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ አልተናገሩም።

"አባባ፣ ተቀይመዋል እንዴ?"

"በምን?"

"ስላመጣንዎት።"

ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ከዚያ "ልጄ፣ ሻንጣን ማን ጠይቆት ያውቃል?" አሉ። "ተነስ ሲሉት ይነሳል። አንድ ነገር አለው፤ አይቀየምም።"

እውነታቸውን ነው። ቤቱን መርጠን፣ እኔም ከሥራ ሪዛይን አድርጌ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው የነገርናቸው። እሳቸውም "እግዚአብሔር ያውቃል" ብቻ ነበር ያሉት፤ እኛም እንደ እሺታ ቆጠርነው። ደረጀ በመስታወቱ ወደ ኋላ አያቸውና መንዳቱን ቀጠለ።

ቅዳሜ፣ ቴክሳስ

ቴክሳስ ገባን። ምሳ በላን፤ ቴክሳስ። እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ነቃሁ፤ ቴክሳስ። አስተናጋጇ ያቀረበችልን ሥጋ ለሠርግ ይበቃል፤ የበረዶ ሻዩም በባልዲ ነው ቢባል ይቀላል። አባባ ሻዩን ቀመሱና "ይህን ሁሉ ስኳር ያፈሰሰው ሰው ምን ደርሶበት ነው?" አሉ። ከኦክላንድ ወዲህ ራሳቸው የጀመሩት የመጀመሪያ ወሬ ስለሆነ ተደሰትኩ።

እሁድ ማታ፣ ሂውስተን

ደረስን። የመኪናውን በር ከፍቼ ስወርድ መነጽሬ ጭጋግ ለበሰ። ስጠርገው መልሶ ለበሰ። አየሩ አይተነፈስም፤ ይጠጣል። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ሙቀቱ ግን አልሰማም። ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር እንደ ቴምብር ተጣበቀ።

የደረጀ የአክስት ልጅ በአዲሱ ቤታችን በር ላይ በነጠላ ጫማ ተቀበለን። "ዛሬ እንኳን ቀዝቀዝ ብሏል" አለን። እስኪስቅ ጠበቅሁት፤ እየቀለደ አልነበረም።

ቤቱ በእውነት ሰፊ ነው። ኤሲውም በእውነት አለ። ውስጥ ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ሥጋ ስለበረደን፣ አምላክ ያሳያችሁ፣ ደረጀ ብርድ ልብሶቹን አወጣ። የኩራቱን ነገር አልነግራችሁም።

ማክሰኞ

አባባ ማለዳ ተነስተው እንደ ኦክላንድ ልማዳቸው ለእግር ጉዞ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ሰላም ብለውኛል። ስልካቸውን ግን ቻርጅ ላይ ትተውት ነበር። ቁርስ ሰዓት አለፈ፤ አልመጡም። ፀሐይዋ ጣራው ላይ ወጣች፤ አልመጡም።

ሰፈራችንን ላስረዳችሁ። ሁሉም ቤት ቀይ ጡብ ነው። ሁሉም ቤት ግራጫ ጋራዥ፣ አንድ ለጋ ዛፍ፣ አንድ ፖስታ ሳጥን አለው። እኔ ራሴ ትናንት የሌላ ሰው በር ልከፍት ስታገል ነበር። አሁን ቀልዱ ጠፋብኝ። ደረጀ በእግሩ፣ እኔ በዚያችው ኤሲ በሌላት መኪና ጎዳና ለጎዳና መዞር ጀመርን። ሰው የለም። እዚህ አገር በቀትር ውጭ የሚታየው ጥላ ብቻ ነው። መሪው እጄን ያቃጥለኛል። "አባባ!" እያልኩ በመስኮት ስጮህ ውሻ ብቻ ይመልስልኛል።

አንድ ጥግ ስታጠፍ በግማሽ የተከፈተ ጋራዥ አየሁ። ውስጡ እንደ አውሮፕላን የሚያጓራ ትልቅ ቬንቲሌተር። ከፊቱ ሁለት ሽማግሌዎች። አንደኛው አባቴ ናቸው፤ በካናቴራ፣ እግራቸው ሰማያዊ ባልዲ ውስጥ፣ አንገታቸው ላይ እርጥብ ፎጣ። ክራቫታቸው አንድ መሰላል ላይ ተሰቅሏል።

"መጣሽ?" አሉኝ፣ እኔ የጠፋሁ ይመስል። ድምፃቸው ደህና ነው፤ ከንፈራቸው ግን ደርቋል።

ሌላኛው ሽማግሌ ሄክተር ይባላል፤ ሜክሲኳዊ ነው። በተቆራረጠ እንግሊዝኛ ነገረኝ፤ አባባን የፖስታ ሳጥኑን ይዘው ቆመው አገኛቸው፣ ቤታቸውን ቢጠይቃቸው ጣታቸውን ወደ ሁሉም ቤት ጠቆሙ። ደግፎ አስገባቸው። ሐብሐብ በጨው አበላቸው። በየትኛው ቋንቋ እንዳወሩ እስካሁን አልገባኝም፤ እሱ ስፓኒሽ፣ እሳቸው አማርኛ። ግን ስንት ስንት ልጅ እንዳላቸው ተነጋግረው ጨርሰዋል።

ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሟ ግሉኮስ ሰካችላቸውና "ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር" አለችን። ደረጀ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ "ኤሲ አለ" ከፊቱ ላይ ረግፏል። ወደ ውስጥ ገብቶ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

"አባባ፣ ኦክላንድ ልመልስዎት? ይንገሩኝ፤ ነገውኑ እንነሳለን።"

አባባ መርፌው ያልተሰካበትን እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ፊቱን አተኩረው አዩት።

"ጠየቅኸኝ?"

"አዎ አባባ።"

"እንግዲያው ላስብበት" አሉና ዓይናቸውን ከደኑ።

እኔ ዘወር ብዬ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

እያሰቡበት ነው። እስከዚያው ሄክተር በየማለዳው በር ያንኳኳል፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ወጥተው ይመለሳሉ። አባባ ለጋሽ ታደሰ ኮል አድርገውላቸው ነበር። ስለ ሙቀቱ ሲጠየቁ "ይቻላል፤ ሰዉ ደህና ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ስልኩ አጠገብ ቆሞ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር ያዳመጣቸው።

ዛሬ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። እሰይ፣ ቀዝቀዝ ሊል ነው ብዬ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ነጎድጓዱ ቤቱን አናወጠው፤ ከዚያ ዝናቡ ወረደ። እጄን ዘረጋሁ። ዝናቡም ሙቅ ነው! ይህች ከተማ ዝናቧን እንኳ አፍልታ ነው የምታቀርበው።

አባባ ግን ከበረንዳው ወርደዋል። መሃል ግቢው ላይ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ በባዶ እግራቸው፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው ቆመዋል። ውሃው በሽበታቸው ላይ ይወርዳል። እንዲህ ሲስቁ መቼ እንዳየኋቸው አላስታውስም።

"አባባ፣ ኧረ ይግቡ! ይታመማሉ!"

"በምኑ?" አሉኝ። "በብርዱ?"