ሸምሱ ያላስነካን ባዶ ቦታ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ሲጠራ የወጣው የሸምሱ ስም ነው። «ደረስክ እንዴ?» ብዬ አነሳሁት። ወንድሙ ነበር።

የነገረኝን ከሰማሁ በኋላ እንኳ «እሺ፣ እስቲ እሱን አቅርብልኝ» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ በሚሄድ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት፣ ቸሃ፣ የተወለደበት መንደር ነው። የምታውቁት ሁሉ፣ የምትችሉ ድረሱ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሸምሱ ወልቂጤ ኮምፒውተር የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። «ነበር» የምትለዋ ቃል ከእጄ አልወጣ አለችኝ።

እኔ ቡታጅራ ሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። የኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ በእርዳታ የመጡ አሮጌ ማሽኖች አሉ። ሜሞሪያቸው ትንሽ ስለሆነ አዲስ ሲስተም አይሸከሙም፤ ልጆቹ ኮምፒውተር አጠገባቸው ተቀምጦ ኮምፒውተርን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ይማራሉ። ሸምሱ አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጥቶ አየና «እነዚህ እኮ አልሞቱም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በትርፍ ሰዓቱ ለነሱ የሚሆን ቀላል ሲስተም ሲሠራ ከረመ። ምኞቱ አንድ ነበር፦ ልጆቹ ሲያበሩት በአማርኛ ሰላም ሲላቸው፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ማየት።

የሲስተሙ ልብ ከርነል ይባላል። ቦታ እንዲቆጥብ ተጨምቆ ይቀመጣል፣ ማሽኑ ሲበራ ሜሞሪ ውስጥ ይፈታል። ሲፈታ ደግሞ ይሰፋል። ስለዚህ ኮዱ የት ይረፍ፣ ዳታው የት ይረፍ፣ የሚፈታበት ባዶ ቦታ የቱ ይሁን ተብሎ አስቀድሞ መደልደል አለበት። አለዚያ ሲሰፋ ፈቺውን ፕሮግራም ራሱን ይደፈጥጠዋል፤ ስክሪኑም ጨለማ እንደሆነ ይቀራል።

ድልድሉን በካርቶን ቁራጭ ላይ ስሎ ሲያሳየኝ መሀል ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ አየሁ። «በዚች ጠብታ ሜሞሪ ይሄን ሁሉ ታባክናለህ? ሙላው እንጂ» አልኩት።

አልተከራከረኝም። ቅዳሜ ዕለት ወደ መንደሩ ወሰደኝና ጀፎረው ላይ አቆመኝ። ያላያችሁት ካላችሁ፣ ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ ቤቶች መሀል የተዘረጋ ሰፊ ሣር የለበሰ መንገድ ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አጥሩን ገፍቶ አይገባበትም። ገፍቶ የገባ ሽማግሌ ፊት ይቆማል።

«ዛሬ ባዶ ነው አትበይ» አለኝ። «ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ። ሞልተሽው ብትቆዪ፣ ቀኑ ሲመጣ ሰው የት ይቁም?»

ከዚያ በኋላ ይቺ አባባል የኛ ሆነች። ላፕቶፔ በፋይል ሲጨናነቅ፣ ሰኞን በስብሰባ ሳጣብበው፣ ሁልጊዜ ያቺኑ ይወረውርልኛል።

የሚያስቀው ግን ራሱ መሳሳቱ ነው። ሰላምታው በአማርኛ ይሁን ብሎ ፊደሎቻችንን ከነዘር ማንዘራቸው፣ ከሀ እስከ ፐ፣ አስገባቸው። ፈረንጅ በጥቂት ፊደል የሚጨርሰውን እኛ በስንት እንደምንጨርሰው ታውቃላችሁ። ማሽኑ እምቢ አለ። ስንት ቀን ጨለማ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ከረመ። ክፉ ሰው ሲሆን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ስደውል «በኋላ» ብሎ ይዘጋብኛል።

አንድ ቀን ራሱ ደወለ። እየሳቀ መናገር አቃተው።

«አንቺ ጎጃሜ፣ ተገኘ። ፊደሉ ነው። ሲፈታ ባዶው ቦታ ላይ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። እኔ የቸሃው ልጅ ጀፎረ ላይ ቤት ሠርቼ ተገኘሁ።»

«ሽማግሌ አያስፈልግም፣ እኔው ፈርጄብሃለሁ» አልኩት። «ክትፎ ታበላለህ።»

«ከነቆጮው» አለ። አበላኝም። ፊደሎቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛወራቸው፣ ባዶውም ባዶ ሆኖ ተመለሰ።

ልቡን ያመው ነበር። ሲጠየቅ ቀለል አድርጎ ያልፈዋል፣ እኛም አምነን እናልፋለን። ሐሙስ ዕለት ያለቀለትን ሲስተም ላከልኝና ደወለ። «ተሽሎኛል፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። እኔ ሳልደርስ እንዳታበሪው፣ አደራ።»

እሺ አልኩት። ትናንት ሁሉም ማሽን ላይ ጫንኩት፣ አዲሱ ሲስተም ሳይነሳ አጠፋኋቸው፣ ክፍሉን ጠረግኩ፣ ቆልፌ ወጣሁ። ቅዳሜ ዛሬ ነው።

አሁን ወንድሙ እንደገና ደውሎ ነበር። ሰዉ ከየመንደሩ እየጎረፈ ነው አለኝ፤ ተማሪዎቹም በመኪና ተጭነው ከወልቂጤ እየመጡ ነው። ግቢያቸው ትንሽ እንደሆነች ስለማውቅ «እንዴት ትችሉታላችሁ?» አልኩት። «ጀፎረው አለ አይደል» አለኝ። እስካሁን አላለቀስኩም ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ምንም ሳይጠይቁኝ ነጠላቸውን አቀበሉኝ።

ሸምሱ ወንድሜ፣

አላበራሁትም። ክፍሉ እንደተቆለፈ ነው። ሰኞ ግን ልጆቹ ይመጣሉ፤ ከዚህ በላይ ባስጠብቃቸው አንተው ትቆጣኛለህ። አበራዋለሁ። አንተ ልትቆምበት የነበረው በር ላይ ማንም አይቆምም፣ እኔም ወደዚያ ላለማየት እሞክራለሁ። ባዶውን ቦታ ከእንግዲህ ማንም እንዲሞላው አልፈቅድም።

ዛሬ ግን መንደርህ እየመጣሁ ነው። ወንዶቹ ጀፎረው ላይ ተሰልፈው ይሰግዱብሃል፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጥግ እይዛለሁ። ሰው የት ይቁም ስትለኝ ለዚህ ቀን ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለሁላችንም መቆሚያ አለ፣ ሸምሱ።

ዕድሜህን ሙሉ ለሌላ ሰው ቦታ ስትተው ኖርክ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ።