ከገበያ ነው ይላሉ

እሑድ እሑድ አስተርጓሚ ነኝ። በሥራ ቀን ጭሮ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ወረቀት አገላብጣለሁ፤ እሑድ ደግሞ ፓስተራችን በአማርኛ የሚሰብኩትን ከጎናቸው ቆሜ በኦሮምኛ እላለሁ። ሲቆጡ እቆጣለሁ፣ ሲያለቅሱ ድምፄን አለሰልሳለሁ። ሲቀልዱ ግን አልሆነልኝም፤ ሕዝቡ የሚስቀው በእኔ ነው።

አማርኛ ከማይሰሙት መካከል ከፊት ወንበር የማይጠፉ አንዲት እናት አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መናኸሪያው በር ላይ ጫት ይሸጣሉ፤ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው መንገደኛውን ይጠራሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ጫት የሚቅምም፣ የሚሸጥም፣ በጫት ገንዘብ የሚደገፍም አባል የጌታን እራት እንዳይወስድ ታግዳለች። ወሬው ሲደርስ ሽማግሌዎቹ አስጠሯቸው። ለማስተርጎም እኔም ተጠራሁ።

እዚህ ላይ ያን ቀን ያልተናገርኩትን ልናገር። አባቴ ቦኬ ወረዳ ውስጥ የጫት ገበሬ ነው። ያደግኩት በጫት፣ የተማርኩትም በጫት ነው፤ ዛሬም ደመወዝ ሲያጥረኝ የሚደግፈኝ እሱ ነው። እኒያ እናት የሚሸጡት ጫትም ከአባቴ ማሳ ነው የሚመጣው። የቆዩ ደንበኛሞች ናቸው፤ ሰላምታ የሚላላኩት በእኔ ነው።

ሽማግሌዎቹ «ጫቱን ይተዋሉ ወይ?» አሏቸው።

«ልጆቼን ምን ላብላ?» አሉ። ተረጎምኩ።

ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እንዲያውም አንደኛው ዓይኑን ጠረገ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠራርገው፣ «ከአባሎቻችን ቤት ይህን ነገር የሚያቀርብልዎት አለ? ከማን ነው የሚያመጡት?» ብለው ጠየቁ።

ይህንንም በገዛ አፌ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ «ከአባቴ ነው» ልል ነበር። ፈራሁ። ከመድረክ መውረዱን፣ የሰውን ሹክሹክታ፣ ሁሉንም ፈራሁ።

«ገባ ኢራ» አሉ እሳቸው።

«ከገበያ ነው ይላሉ» አልኩ።

ታገዱ። ውሳኔውንም የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ግን እዚያው አፌ ውስጥ ነቀዘ።

ሲወጡ ሮጬ በሩ ላይ ደረስኩባቸው። «እናቴ፣ ለምን አልነገሯቸውም?»

ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። «አንተንም ቢያግዱህ ስብከቱን ማን ይነግረኛል ልጄ?» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ልል ስል «አባትህን ሰላም በልልኝ» ብለው ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

ስለ ጸጋ ስንት ጊዜ ተርጉሜአለሁ! ለማይገባው ሰው የሚሰጥ ነው ይላሉ ፓስተሩ፤ እኔም ለማይገባው ሰው የሚሰጥ ነው እላለሁ። እንዲህ እንደሚያቃጥል ግን አላውቅም ነበር። አባቴን ጫቱን ንቀል ልለው አልችልም፤ ምን ሊበላ? ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ብናገር እኔም እታገዳለሁ፤ እኒያ እናት ለእኔ ብለው የተሸከሙት ሁሉ ከንቱ ይቀራል፤ የሚሰሙትን ስብከትም ያጣሉ። ወይስ ይህም የፈሪ ሰበብ ነው? ስንት ሌሊት አስቤበት መልሱን አጣሁት። ብጸልይም ምን ብዬ እንደምለምን አላውቅም።

ባለፈው እሑድ የጌታ እራት ነበር። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ፓስተሩ «ጌታ የመጣውን አይመልስምና ኑ፣ ተካፈሉ» አሉ። እኔም እሳቸውን እያየሁ በኦሮምኛ ኑ፣ ተካፈሉ አልኩ። ኅብስቱ የተቀመጠበት ትሪ በረድፉ ዞረ፤ እሳቸው ጋ ሲደርስ አዳዩ በላያቸው አሳልፎ ለቀጣዩ ሰው ሰጠ።

ወደ እኔ ሲመጣ እጄ አልነሳ አለኝ። ቀና ስል እኒያ እናት እያዩኝ ነበር። ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁልኝ፤ ብላ ማለታቸው ነው።

በላሁ።