ትራንስፎርመር አይገባም

እኔ ሰው «ይሄን ውሰድ» ሲለኝ ያኛውን ነው የምወስደው። እዚህ ቅድስት ከተማ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን አንድ አሮጌ ሪባን ማይክሮፎን አለው። በአካል አይቻቸው የማላውቃቸውን መሪጌታ ዜማ ልቀዳበት ስል የውስጡ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ አገኘሁት። ያፎ መንገድ ያለው ባለሱቅ «የሽማግሌ ድምፅ ደካማ ነው፤ በደንብ የሚያጎላውን ግዛ» ብሎ ድርቅ አለ። እኔም «ረጋ ያለውን ካልሆነ» ብዬ ደረቅኩ። ሁለቱንም ገዛሁ፤ እኔ በመረጥኩት ልሠራ፣ እሱ በመረጠው ላሳፍረው።

የግቢው በር ላይ አንድ ቀጭን አባት መቋሚያ ይዘው ቆመዋል።

«ምን ይዘሃል?» አሉኝ፣ ጎንበስ ብዬ ካልሆነ በማይሰማ ድምፅ።

«ትራንስፎርመር ነው፣ አባቴ።»

መቋሚያቸውን በሩ ላይ አጋደሙት። «እዚህ ግቢ ትራንስፎርመር አይገባም! ጎንደር በራችን ላይ ያለው እየፈነዳ ስንት ቀን በጨለማ አድረናል!»

መዳፌን ዘረጋሁ። ሁለቱም የአውራ ጣት ጫፍ አያህሉም።

«የማይክሮፎን ናቸው። ይሄኛው ድምፅ በኃይል ያጎላል፣ ያኛው ረጋ ያለ ነው። ባለሱቁ የመሪጌታ ድምፅ ስለደከመ ኃይለኛው ይሻላል ብሏል። እኔ ግን እንቢ ብያለሁ።»

«ደክሟል አለ?»

ቀና አሉና አንዲት ሃሌ ሉያ ለቀቁ። የጉልላቱ እርግቦች ግር ብለው ተነሡ። ከመንገዱ ማዶ መስኮት ተከፈተ።

መቋሚያውን አነሡልኝ።

«ግባ። ረጋ ያለውን ግጠምልኝ። ኃይለኛውን ጎንደር ላክላቸው፤ የእነሱ ፈንድቷል።»